ጡንቻ ለማሳደግ ምን ያህል፣ ከምንስ ይበላል?

ከጡንቻ ክብደት አራት እጅ ሦስቱ ውሃ ነው። ከቀሪው አብዛኛው ፕሮቲን ሲሆን፣ በ1 ኪሎ ግራም ጡንቻ ውስጥ 200 ግራም ያህል ይገኛል። በትጋት ክብደት የሚያነሳ ጀማሪ በወር 1 ኪሎ ግራም ጡንቻ ቢጨምር በጣም ጥሩ ውጤት ነው። ይህ ለ30 ቀን ሲካፈል በየቀኑ ሰውነቱ ላይ የሚታከለው አዲስ ፕሮቲን 7 ግራም እንኳ አይሞላም፤ በአንድ እንቁላል ውስጥ ካለው ብዙም አይበልጥም። ጡንቻ ለማሳደግ ስለሚበላው መጠን የሚነሳው ጥያቄ ሁሉ ከዚህ ትንሽ ቁጥር ቢጀምር መልካም ነው። ግንባታው አዝጋሚ ነው። ለአዝጋሚ ግንባታ ድንጋይና ሲሚንቶ በአንድ ቀን ቢከመር ቤቱ ፈጥኖ አይቆምም፤ ግቢው ይጣበባል እንጂ። በሰውነት ውስጥ ግቢውን የሚያጣብበው ስብ ነው።

ግንባታውን የሚያዘውም ምግብ አይደለም። ጡንቻ የሚያድገው ከለመደው በላይ ሸክም ሲጫንበት፣ ሸክሙም በየጊዜው ከፍ ሲል ነው። ብረት ማንሳት፣ ፑሽ አፕ መሥራት፣ ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ራስን መሳብ፣ ሌላም የሚያደክም የጉልበት ሥራ ለጡንቻው ትእዛዝ ያስተላልፋል። ምግብ ትእዛዙ የሚፈጸምበት ዕቃ ነው። ትእዛዙ ሳይኖር የሚበላ ትርፍ ምግብ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ በሚገባ ተለክቷል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ በታተመ አንድ ጥናት፣ በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት በሚገኘው የፔኒንግተን የምርምር ማዕከል 25 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ለ8 ሳምንት ከሚያስፈልጋቸው በላይ በቀን 950 ካሎሪ ገደማ እንዲበሉ ተደረገ። በሦስት ተከፈሉ፤ የአንደኛው ቡድን ምግብ 5 በመቶው፣ የሁለተኛው 15 በመቶው፣ የሦስተኛው 25 በመቶው ከፕሮቲን የሚመጣ ነበር። በሦስቱም ቡድኖች የተጨመረው ስብ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ የታየው ከስብ ውጪ ባለው የሰውነት ክብደት ላይ ነው። ፕሮቲን ያነሳቸው ሰዎች ያን ሁሉ እየበሉ 0.7 ኪሎ ግራም ቀነሱ፤ ሁለተኛው ቡድን 2.9፣ ሦስተኛው 3.2 ኪሎ ግራም ገደማ ጨመሩ። ስቡን የወሰነው የካሎሪው ትርፍ ነው፤ ሌላውን የወሰነው ፕሮቲኑ ነው። ፕሮቲን ሲያንስ ጉዳቱ ትልቅ ሆነ፤ ከበቂው በላይ ሲጨመር ግን የተገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ስሌት ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

መነሻው ቁጥር

በምግብ ጉዳይ ካሎሪ የሚባለው 1 ኪሎ ግራም ውሃን በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትዎተር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ሰው ገብቶ የሚኖርበትና ከሰውነቱ የሚወጣው ሙቀት የሚለካበት ክፍል ሠርቶ ባደረገው ምርመራ እስከ ዛሬ የሚሠራባቸውን ቁጥሮች አስገኘ። 1 ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ፣ 1 ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ፣ 1 ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ይሰጣል። አልኮል 7 ይሰጣል። በትምህርት ቤት “ገንቢ” እና “ኃይል ሰጪ” ተብለው የተለዩት ምግቦች በዚህ ሂሳብ በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ።

አንድ ሰው ክብደቱን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚኖርበትን መጠን ለመገመት ብዙ ቀመሮች አሉ። ከሁሉ ይበልጥ የሚታመነው እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የሚፍሊንና የሴንት ጂዮር ቀመር ነው። ክብደት በኪሎ ግራም በ10 ይባዛል፤ ቁመት በሴንቲ ሜትር በ6.25 ይባዛል፤ ሁለቱ ይደመራሉ፤ ከድምሩ ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነሳል። ለወንድ በመጨረሻ 5 ይደመራል፤ ለሴት 161 ይቀነሳል። የሚገኘው ቁጥር ሰውነት ተኝቶ ቢውል እንኳ የሚያቃጥለው ነው። ቀኑን በወንበር ለሚያሳልፍ ይህ ቁጥር በ1.2፣ ቀላል እንቅስቃሴ ላለው በ1.375፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ጂም ለሚገባና ደህና ለሚራመድ በ1.55፣ ሥራው የጉልበት ለሆነ በ1.725 ይባዛል።

ዕድሜው 27፣ ክብደቱ 65 ኪሎ ግራም፣ ቁመቱ 172 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወጣት ለምሳሌ ይወሰድ። 650 ሲደመር 1,075፣ ሲቀነስ 135፣ ሲደመር 5፣ 1,595 ይሆናል። በ1.55 ሲባዛ 2,470 ገደማ ይመጣል። የ30 ዓመቷ፣ 58 ኪሎ ግራምና 162 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት በዚሁ መንገድ 1,280 ታገኛለች፤ ቀላል እንቅስቃሴ ካላት 1,760 ያህሉ ክብደቷን ጠብቆ ያቆያታል።

ቀመሩ ግምት ነው፤ የሰው ልጅ እርስ በርሱ ይለያያል። ይህን ከሁሉ በላይ ያሳዩት ሁለት ጥናቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት በካናዳ ኩቤክ 12 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮች ለ100 ቀን ተሰብስበው ተቀመጡ፤ ከእነዚህ ቀናት በ84ቱ እያንዳንዳቸው 1,000 ካሎሪ ትርፍ በሉ። በአማካይ 8.1 ኪሎ ግራም ጨመሩ፤ ነገር ግን ጥቂት የጨመረው 4.3፣ ብዙ የጨመረው 13.3 ኪሎ ግራም ነበር። መንታ ከመንታው ጋር ሲወዳደር ደግሞ ውጤቱ ተቀራራቢ ነበር፤ በዘር የሚወረስ ነገር አለበት ማለት ነው። በአሜሪካ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመው ሌላ ጥናት 16 ሰዎች ለ8 ሳምንት በቀን 1,000 ካሎሪ ትርፍ ሲበሉ የጨመሩት ስብ ከ0.36 እስከ 4.23 ኪሎ ግራም ሆነ። ጥቂት ስብ ብቻ የጨመሩት ሳይታወቃቸው እንቅስቃሴያቸው በዝቶ ተገኘ፤ ይቁነጠነጣሉ፣ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። “የፈለገውን ቢበላ አይወፍርም” የሚባለው ሰው ምሥጢሩ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ሰውነቱ የተጨመረለትን በእንቅስቃሴ ያወጣዋል። ስለዚህ በቀመር የተገኘው ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት መነሻ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚዳኘው ሚዛን ነው።

ትርፉ ምን ያህል ይሁን

በጂሞች “ቡልኪንግ” የሚባለው ልማድ ያገኙትን ሁሉ መብላትን ያበረታታል። ይህ ልማድ ብዙ ወጣቶችን ሆድ አሳድጎ ጡንቻ ሳይሰጥ መልሷቸዋል። በአንድ ኪሎ ግራም ጡንቻ ውስጥ ያለው 200 ግራም ፕሮቲን በ4 ሲባዛ 800 ካሎሪ ነው፤ አብሮት ያለው ጥቂት ስብና ስኳር ሲታከልበት ከ1,000 ትንሽ ከፍ ይላል። በ1 ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ ውስጥ የሚከማቸው ግን 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው። ለመገንባት ራሱ የሚወጣው ጉልበት ሲጨመርም እንኳ በወር 1 ኪሎ ግራም ጡንቻ የሚጠይቀው ትርፍ በቀን መቶዎችን እንጂ ሺዎችን አይደለም። በኖርዌይ በከፍተኛ ደረጃ በሚወዳደሩ ስፖርተኞች ላይ የተደረገ ጥናትም ይህንኑ ያመለክታል። በባለሙያ ምክር ተጨማሪ እንዲበሉ የተደረጉት ስፖርተኞች እንደ ፍላጎታቸው ከበሉት ይልቅ ክብደት ጨመሩ፤ የልዩነቱ ትልቁ ክፍል ግን ስብ ነበር።

ለጀማሪና ለመካከለኛ ደረጃ ሰው ከመነሻው ቁጥር ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ ማለትም በቀን ከ200 እስከ 400 ካሎሪ መጨመር በቂ ነው። ለዓመታት የሠለጠነ ሰው ወደ ታችኛው ጫፍ ቢጠጋ ይሻለዋል፤ ጡንቻው የሚያድግበት ፍጥነት ቀንሷልና። ከላይ የተጠቀሰው ወጣት 2,470 ላይ 330 ቢጨምር 2,800 ይሆናል። 330 ካሎሪ ሁለት ብርጭቆ ወተትና አንድ ሙዝ ነው፤ ወይም ሁለት እፍኝ የማይሞላ ኦቾሎኒ ነው። ሴቲቱ 200 ብትጨምር 1,960 ይሆንላታል።

ሆዱ አካባቢ ስብ ያለው፣ ክብደት ማንሳትም ገና የጀመረ ሰው ጨርሶ ትርፍ ላያስፈልገው ይችላል። በመነሻው ቁጥር ላይ ቆሞ፣ ወይም ጥቂት ቀንሶ፣ ፕሮቲኑን በሚገባ ቢበላ ስቡ ለግንባታው ጉልበት ይሆናል። ጡንቻ ሲጨምር ወገብ ሲቀንስ ሚዛኑ ባለበት ሊቆም ይችላል፤ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር የለበትም።

ፕሮቲን ማገዶ ሳይሆን ማገር ነው

ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ጡንቻ ሲሠራ የሚያቃጥለው ራሱን፣ ማለትም ፕሮቲንን ነው ብሎ አስተምሮ ነበር። ጉልበት የሚሻ ሥጋ ይብላ የሚለው እምነት በእርሱ ስም የሳይንስ ካባ ለበሰ። እ.ኤ.አ. በ1865 በዙሪክ ይሠሩ የነበሩት አዶልፍ ፊክና ዮሐንስ ዊስሊሴኑስ ነገሩን በእግራቸው ፈተኑት። ከአንድ ቀን በፊት ጀምረው ፕሮቲን ያለው ምግብ ትተው፣ ከስታርችና ከስብ የተሠራ ቂጣ እየበሉ፣ በስዊዘርላንድ የሚገኘውን የፋውልሆርን ተራራ ወጡ። ሽንታቸውን እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ለኩ፤ ናይትሮጅኑ ሰውነት ምን ያህል ፕሮቲን እንዳቃጠለ ይናገራልና። የተቃጠለው ፕሮቲን ሁለት ሺሕ ሜትር የሚጠጋውን አቀበት ለመውጣት ከሚያስፈልገው ጉልበት ግማሹን እንኳ የማይሸፍን ሆኖ ተገኘ። ተራራውን ያወጣቸው ስታርቹና ስቡ ነበር።

ፕሮቲን ታዲያ ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል? በቀን የሚታከለው 7 ግራም ከሆነ፣ 7 ግራም ለምን አይበቃም? ምክንያቱ ሰውነት ያለማቋረጥ ራሱን እያፈረሰ የሚሠራ መሆኑ ነው። በአዋቂ ሰው ውስጥ በየቀኑ ከ250 እስከ 300 ግራም የሚደርስ ፕሮቲን ይፈርሳል፤ መልሶም ይሠራል። አብዛኛው ከፈረሰው ዕቃ ይገነባል፤ ጥቂቱ ግን ይባክናል፤ ያ በየቀኑ ከምግብ መተካት አለበት። ለተራ ጤንነት በ1 ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.8 ግራም ይመከራል። ክብደት ማንሳት ሁለቱንም፣ ማፍረሱንም መገንባቱንም፣ ያፋጥናል፤ ስለዚህ ፍላጎቱ ከፍ ይላል።

ምን ያህል ከፍ ይላል ለሚለው እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ትልቅ ጥንቅር ጥሩ መልስ ሰጥቷል። 49 ጥናቶችንና 1,863 ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ ሲመዝን፣ የፕሮቲን ጥቅም በ1 ኪሎ ግራም ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ሲደርስ ይቆማል። በሰው ልዩነት ምክንያት የላይኛው ጠርዝ 2.2 ግራም ነው። 65 ኪሎ ግራም ለሚመዝነው ወጣት 1.6 ማለት በቀን 104 ግራም ነው፤ ለ58 ኪሎ ግራሟ ሴት 93 ግራም። በጣም የወፈረ ሰው በአሁኑ ክብደቱ ሳይሆን ሊደርስበት በሚገባው ክብደት ቢያሰላ ይሻላል፤ የስብ ክፍሉ ይህን ያህል ፕሮቲን አይጠይቅምና።

ወደዚህ ቁጥር ለመድረስ ደግሞ አንድ ጥሩ መመዘኛ አለ፤ 1 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት ስንት ካሎሪ ይከፈላል? ወጣቱ 2,800 ካሎሪ በልቶ 104 ግራም ካገኘ፣ ለአንድ ግራም የሚከፍለው 27 ካሎሪ ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 367 ካሎሪና 13 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ለግራሙ 28 ካሎሪ ይሆናል። እንጀራ ብቻውን ከሚፈለገው እምብዛም አይርቅም፤ ይህ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ነገር ግን ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ቅቤው፣ ለስላሳው ካሎሪ እንጂ ፕሮቲን አያመጡምና ሚዛኑን ያዛቡታል። የሚያቃናው ወጡ ነው። ምስር ለአንድ ግራም ፕሮቲን 14 ካሎሪ ያስከፍላል፤ እንቁላል 12፣ ወተት 19፣ ስብ የሌለው የበሬ ሥጋ 7 ገደማ፣ የዶሮ ደረት 5። ኦቾሎኒ በፕሮቲን ቢታወቅም 22 ያስከፍላል፤ ቅባቱ ብዙ ነውና። በአብዛኛው ቤት ችግሩ የምግቡ ዓይነት አይደለም፤ ሰፊ እንጀራ ላይ ቀጭን ወጥ መደፋቱ ነው። ሽሮው ወፈር፣ ምስሩ በዛ፣ እንጀራው ቀነስ ሲል ብዙው ነገር ይስተካከላል።

የጾም ቀን ስሌት

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን የሚጾሟቸው ቀናት በዓመት 180 ገደማ ይደርሳሉ። የዓመቱን ግማሽ ያህል ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ማዕድ ጡንቻን ያሳድጋል ወይ የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የጥቂቶች ጥያቄ አይደለም። መልሱ ያሳድጋል ነው። በብራዚል ሳኦ ፓውሎ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት 38 ወጣት ወንዶችን ለ12 ሳምንት ክብደት አስነሣ፤ ግማሾቹ የእንስሳት ተዋጽኦ ፈጽሞ የማይበሉ ነበሩ፤ ግማሾቹ ሁሉንም የሚበሉ። የሁሉም ፕሮቲን በኪሎ ግራም 1.6 እንዲሆን ተደረገ፤ ለመጀመሪያዎቹ ጉድለቱ በአኩሪ አተር ፕሮቲን ተሞላ። በጡንቻ ዕድገትም ሆነ በጉልበት ልዩነት አልተገኘም።

የእህል ፕሮቲን ላይሲን በሚባለው አሚኖ አሲድ ይደኸያል፤ ጤፍ ከስንዴና ከበቆሎ ይሻላል እንጂ እርሱም ከጥራጥሬ አይደርስም። ጥራጥሬ በበኩሉ ላይሲን ሞልቶት ሜታዮኒን የሚባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ያንሰዋል። እንጀራ በሽሮ፣ እንጀራ በምስር፣ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ በጸሎተ ሐሙስ የሚበላው ጉልባን፣ ሁሉም አንዱ የጎደለውን ሌላው የሚሞላባቸው ናቸው። ሁለቱ በአንድ ጉርሻ መገናኘታቸው እንኳ ግዴታ አይደለም፤ በአንድ ቀን ውስጥ መበላታቸው ይበቃል። የጥራጥሬ ፕሮቲን ከእንስሳቱ ጥቂት ባነሰ መጠን ስለሚፈጭ ግን በጾም ወቅት ቁጥሩን ወደ 1.8 ከፍ ማድረግ ጠቃሚ ነው።

ለወጣቱ የሚሆን የጾም ቀን ማዕድ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ከ250 ግራም ጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ 33 ግራም ፕሮቲን፣ 100 ግራም ደረቅ ምስር 25፣ 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20፣ በውሃ የተበጠበጠ 100 ግራም በሶ 10፣ 50 ግራም ኦቾሎኒ 13 ግራም ይሰጣሉ። ሁለት ሙዝና ለወጡ የገባው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሲታከሉ ድምሩ 2,800 ካሎሪ ገደማ፣ ፕሮቲኑም 104 ግራም ያህል ነው። በ1.8 ለማስላት ለሚፈልግ ከእንጀራው ጥቂት ቀንሶ 50 ግራም ባቄላ በአሹቅ ወይም በንፍሮ መልክ ቢጨመር 13 ግራም ያመጣል። በጎጃም የሚመረተው ግብጦ ከአብዛኛው ጥራጥሬ በፕሮቲን ይበልጣል፤ መራራውና ጎጂው ነገር እስኪወጣ ግን ለቀናት በውሃ መዘፍዘፍ አለበት። ዓሣ የሚበሉ ጾመኞች ከ100 ግራም የቆሮሶ ሥጋ 20 ግራም ያህል ያገኛሉ።

ሌላው የጾም ጥያቄ ሰዓቱ ነው። ለረጅም ጊዜ ሰውነት በአንድ ገበታ ከ25 ግራም በላይ ፕሮቲን ለጡንቻ አይጠቀምም ይባል ነበር። በሆላንድ ማስትሪክት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ይህን ገደብ አናወጠው። ከስፖርት በኋላ በአንድ ጊዜ 100 ግራም ፕሮቲን የተሰጣቸው ሰዎች ሰውነት ከ12 ሰዓት በላይ ለግንባታ ሲጠቀምበት ቆየ። በቀን አራት ጊዜ እኩል አካፍሎ መብላት መጥፎ ባይሆንም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም፣ ወይም በረመዳን ከመግሪብ እስከ ሱሁር የሚበላ ሰው የቀኑን ድምር በሁለት ሦስት ገበታ ከሞላ ጡንቻው አይራብም። ልምምዱን ጾም ከሚፈታበት ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ማድረግ ለብዙዎች ይመቻል፤ ውሃውም ምግቡም ወዲያው ይከተላልና።

ቅባትና ካርቦሃይድሬት

ፕሮቲኑ ከተቀመጠ በኋላ የቀረው ቀላል ነው። ቅባት ከጠቅላላው ካሎሪ ከ20 እስከ 35 በመቶ ቢሆን ይበቃል። ከ20 በታች ሲወርድ በወንዶች ላይ ቴስቶስትሮን ሊቀንስ ይችላል፤ በቅባት የሚሟሙት ቫይታሚኖችም በደንብ አይመጠጡም። የወጣቱ 2,800 ሩብ 700 ካሎሪ ነው፤ በ9 ሲካፈል 78 ግራም ቅባት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ስለሆነ፣ ወጥ ውስጥ ያልተለካ ዘይት ከሌላው ነገር ሁሉ በላይ ስሌትን ያበላሻል።

የተረፈው ሁሉ ለካርቦሃይድሬት ነው። ከ2,800 ላይ ለፕሮቲን 420፣ ለቅባት 700 ሲነሳ 1,680 ይቀራል፤ 420 ግራም ማለት ነው። ጡንቻ ክብደት ሲያነሳ የሚያቃጥለው ግላይኮጅን የሚባለውን የተከማቸ ስኳር ነው፤ ክምችቱ በአዋቂ ሰው ጡንቻ ውስጥ 400 ግራም አካባቢ ይደርሳል። ካርቦሃይድሬት የሚፈራ ሰው በመጨረሻዎቹ ዙሮች ብረቱ ይከብደዋል፤ ሸክሙ ሲቀንስ ትእዛዙም ይቀንሳል። እንጀራ፣ ድንች፣ በሶ፣ ሩዝና ቆሎ በሚበላበት አገር ይህ ክፍል እምብዛም አይጎድልም።

ከአንድ ትሪ እየበሉ መለካት

የአመጋገብ መጻሕፍት ሁሉም ሰው የራሱን ሳህን ይዞ እንደሚበላ አድርገው ያሰላሉ። ማዕዱ በጋራ ለሚቀርብበት ቤት ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚቀለው መመዘኑን ከድስቱ መጀመር ነው። ለአራት ሰው የሚሆን ወጥ ሲሠራ የገባው ደረቅ ምስር 400 ግራም ከሆነ የእያንዳንዱ ድርሻ 100 ግራም ነው፤ የበሰለውን መመዘን አሳሳች ነው፤ ውሃው እንደ አብሳዩ እጅ ይለያያልና። እንጀራም እንደዚሁ ነው። ከ1 ኪሎ ግራም ዱቄት 10 እንጀራ ከወጣ፣ አንዱ 367 ካሎሪና 13 ግራም ፕሮቲን ይዟል። 8 ከወጣ አንዱ 459 ካሎሪ ይሆናል። በውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎች የሚገዙት እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ስለሆነ የጥቅሉን ጽሑፍ ማንበብ አለባቸው። ለአንድ ሁለት ሳምንት በወጥ ቤት ሚዛን የለካ ሰው ከዚያ በኋላ ዓይኑ ይለምዳል፤ ዕድሜ ልክ እየመዘኑ መብላት አያስፈልግም፤ የቤተሰብ ገበታን መረበሹም ይጎዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው መለኪያ ራሱ ሰውነት ነው። ጠዋት፣ ከሽንት ቤት ከተመለሱ በኋላ፣ ምንም ሳይቀመስ መመዘን ይገባል። የአንድ ቀን ቁጥር ምንም አይነግርም፤ ጨው የበዛበት እራት ብቻ 1 ኪሎ ግራም ሊጨምር ይችላል። የሳምንቱ አማካይ ከሚቀጥለው ሳምንት አማካይ ጋር ይነጻጸራል። ተገቢው ጭማሪ በሳምንት ከሰውነት ክብደት ከ0.25 እስከ 0.5 በመቶ ነው፤ ለ65 ኪሎ ግራም ሰው ከ160 እስከ 325 ግራም። ሁለት ሦስት ሳምንት ከዚህ በታች ከሆነ 100 ወይም 150 ካሎሪ ይጨመራል፤ በላይ ከሆነ ያንኑ ያህል ይቀነሳል። ወገብም በሜትር ይለካ። ወገብ ከክብደት ቀድሞ ሲሰፋ ትርፉ በዝቷል። በሌላ በኩል የሚነሳው ክብደት በየወሩ ካልጨመረ፣ ጉድለቱ ከምግቡ ሳይሆን ከልምምዱ ወይም ከእንቅልፉ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚታየው ፈጣን ጭማሪ አብዛኛው ውሃና ግላይኮጅን ስለሆነ ለስሌት አይያዝም።

ዱቄትና ኪኒን

በጂም ደጃፍ የሚሸጠው የፕሮቲን ዱቄት አብዛኛው ከወተት የተጣራ ነው። አንድ መጠን ከ20 እስከ 25 ግራም ይሰጣል፤ ግማሽ ሊትር ወተትና አንድ እንቁላል የሚሰጡትን ያህል። ሰዓት ለሚያጥረው ይመቻል፤ በዋጋው ግን ወተቱና ምስሩ ይበልጡታል። ከተጨማሪ ነገሮች በማስረጃ የጸናው ክሬቲን ነው፤ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ጉልበትንና ልምምድን ጥቂት ያግዛል። አልኮል በተቃራኒው ነው፤ አብዝቶ በሚጠጣ ሰው ላይ ከልምምድ በኋላ ያለውን ግንባታ ጉልህ በሆነ መጠን ያዳክማል።

በጣም የሚያሳስበው “ማወፈሪያ” እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰደው ኪኒን ነው። ለዚህ ከሚውሉት አንዱ ዴክሳሜታዞን ነው። ፊትን የሚሞላውና ሚዛኑን ከፍ የሚያደርገው ውሃ በመያዝና ስብ በማብዛት ነው፤ ጡንቻን ግን ያፈርሳል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት ማቋረጡም ለሕይወት ያሰጋል። ሌላው ሳይፕሮሄፕታዲን የምግብ ፍላጎት የሚከፍት የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ እንቅልፍ ያመጣል፣ ለጡንቻ የሚያደርገው ነገር የለም። መክሳቱ ላስጨነቀው ወጣት ወይም መክሳቷ ላስጨነቃት ወጣት ሴት እነዚህን ከመዋጥ ይልቅ የክብደት መቀነሱ ምክንያት ሕመም መሆን አለመሆኑን መመርመር ይቀድማል፤ ቲቢ፣ የእንቅርት እጢ መታወክ፣ ስኳርና የአንጀት ጥገኛ ትሎች ሁሉ ያከሳሉ።

ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው እዚህ የተጠቀሰው የፕሮቲን መጠን ጉዳት እንዳለው አልታየም። የኩላሊት ሕመም ላለበት ግን የፕሮቲን መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የስኳር ሕመምተኛም የምግብ መጠኑንና ሰዓቱን ከመቀየሩ በፊት ከሐኪሙ ጋር መድኃኒቱን ማስተካከል ይኖርበታል። ዕድሜያቸው ከ65 ያለፈ ሰዎች ጡንቻ ለፕሮቲን የሚሰጠው ምላሽ ስለሚዳከም፣ ለተራ ጤንነት እንኳ በ1 ኪሎ ግራም ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመከርላቸዋል፤ ብዙ አረጋውያን ግን የሚበሉት በጠዋት ሻይ በዳቦ፣ በማታ ጥቂት እንጀራ ስለሆነ ከዚህ በታች ይቀራሉ። ለእነርሱ ጠዋት አንድ እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት፣ በጾም ቀን ደግሞ ወፈር ያለ የምስር ሾርባ፣ ወንበር እየያዙ ከመቀመጥና ከመነሳት ልምምድ ጋር፣ እግር እንዳይደክም የሚያደርግ መነሻ ነው።